አሮጌው ባሕር ዳር ሰው ይፈልጋል

ባሕር ዳርን የሚያውቅ ሰው ስለ ከተማዋ ሲያወራ ከዘንባባዎቹ ይጀምራል። ቀጥሎ ጣና፣ ዓባይ፣ ብስክሌት፣ ዓሣ። ስለ ቤቶቿ የሚያነሳ ግን ብዙም የለም። «ጎንደር ግንብ አላት፤ ሐረር ጀጎል አላት። ባሕር ዳር ትናንት የተሠራች ከተማ ናት፤ ምን የሚጠበቅ ቤት አላት?» ይባላል። ይህን ወሬ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። አንድም ቀን ተውጦልኝ አያውቅም። «ምንም የለበትም» የተባለ ሰፈር ሲፈርስ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ አይኖርማ።

እስቲ ከሥሩ እንነሳ። በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አንድ አሮጌ የድንጋይ ግንብ አለ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አገራችን የመጣው ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ እንዳሠራው ይነገራል። በድንጋይና በኖራ የመገንባት ሥራ በጣና ዙሪያ የተስፋፋው በዚያው ዘመን ነው፤ በጎርጎራ በኩል ያለው የአፄ ሱስንዮስ ዘመን ፍርስራሽ ዛሬም ምስክር ነው። እንግዲህ «ትናንት የተሠራች» የምንላት ከተማ እምብርት ላይ ያለው ግንብ ዕድሜው ከጎንደር ግንቦች ጋር የሚቀራረብ ነው። ስንቱ የባሕር ዳር ልጅ ደጁን ተሳልሞ ያልፋል፤ ግንቡን ቆም ብሎ ያየው ግን ጥቂት ነው።

ከዚያ በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ገባና መንደሯን የአስተዳደር ቦታ አደረጋት። ዛሬ የምናውቃትን ባሕር ዳር የወለደው ግን የ1950ዎቹ ዘመን ነው። በ1953 ዓ.ም. ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተተከለ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ፖሊ ቴክኒኩ ተከፈተ። የጢስ ዓባይ መብራት ተከተለ። ጀርመኖች የከተማዋን ማስተር ፕላን ነደፉ። ሰፋፊዎቹና ቀጥ ያሉት መንገዶች፣ በመሐላቸው የተተከለው ዛፍ የዚያ ዘመን ሐሳብ ውጤት ናቸው። ንጉሡ ዋና ከተማውን ወደዚህ ሊያዛውሩ አስበው ነበር ይባላል። ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ያለው ቤተ መንግሥትም የዚያን ጊዜ ነው።

እኔ ልናገርለት የፈለግሁት ግን ስለ ቤተ መንግሥቱ አይደለም። ቤተ መንግሥት ተቆርቋሪ አያጣም። የእኔ ጭንቀት ከጊዮርጊስ ወደ ወደቡ፣ ከዚያም ወደ ገበያው በሚወስዱት መንገዶች ላይ ስለቀሩት ዝቅ ዝቅ ያሉ የንግድ ቤቶች ነው። ታውቋቸዋላችሁ። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ ከፊት በረንዳ። ሁለት ተካፋች የእንጨት መዝጊያ፣ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቀለም የተቀባ። ፊቱ ሱቅ፣ ኋላው መኖሪያ፣ ከዚያ ጓሮ። ጓሮው ውስጥ የማንጎ ዛፍ አይጠፋም።

እነዚህን ቤቶች «ደሳሳ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ግን መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ባሕር ዳር ከቀትር በኋላ ምን እንደምትመስል የሚያውቅ ሰው ይፍረድ። ፊቱ በሙሉ መስታወት የሆነ አዲስ ሕንፃ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ሻይ ጠጡ። ከዚያ የጭቃ ቤት በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቶሎ አያስገባም። በረንዳው ፀሐዩን ግድግዳው ላይ ሳይደርስ ያስቀረዋል። መስታወቱ ግን ፀሐዩን እንዳለ ያስገባል፤ ከዚያ ማቀዝቀዣ ግዙ፣ መብራት ክፈሉ፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ላባችሁን እየጠረጋችሁ ውጡ። የድሮ ሰዎች ለዚህ አየር የሚሆን ቤት መሥራት ያውቁ ነበር።

ታዲያ ለምን ተጎሳቆሉ? አንዱ መልስ ሕግ ውስጥ ነው ያለው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆነው ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው «ኪራይ ቤቶች» ወደተባለው የመንግሥት ድርጅት ሄደ። ኪራዩም ተቀነሰ። ለብዙ ድሃ ቤተሰብ ጣሪያ የሰጠ አዋጅ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን ሌላም ነገር አብሮ መጣ። የሚሰበሰበው ኪራይ አንድ ቆርቆሮ የማይቀይር ሆነ። ተከራዩ «የመንግሥት ነው» ብሎ አይነካውም፤ ቀበሌው በጀት የለውም። በግል እጅ የቀሩትም ቢሆኑ ዕድላቸው የተሻለ አልሆነም። አባት ሲሞት ቤቱ ለአምስት ለስድስት ወራሽ ይደርሳል። አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ አሜሪካ ነው። ማን ያድሰው? ቁልፍ ይንጠለጠልበታል።

ቁልፍ የተንጠለጠለበት ቤት ደግሞ ዕድሜ የለውም። ሜጫ ገጠር የአያቴ ቤት የሣር ክዳን ነበር። ከውስጥ ጣሪያው በጥላሸት ጥቁር ብሎ ያብረቀርቅ ነበር። በየቀኑ የሚነደው እሳት ሣሩንም እንጨቱንም ከነቀዝና ከምስጥ ይጠብቀዋል። ሰው ወጥቶ እሳቱ ሲጠፋ ምስጡ ይገባል፤ ጥቂት ክረምት ካለፈበት ቤቱ ይንጋደዳል። የከተማ ቤትም ምድጃው ቢቀየር እንጂ ነገሩ ያው ነው። የሚያንጠባጥበውን ቀዳዳ በዚያው ቀን የሚያየው ውስጡ ያለ ሰው ነው። ስለዚህ አሮጌ ቤትን አጥሮ «ቅርስ» የሚል ታፔላ መለጠፍ ብቻውን አያድነውም ባይ ነኝ። ውስጡ የሚነግድ፣ የሚሰፋ፣ ወጥ የሚሠራ ሰው ያስፈልገዋል።

የጣይቱ ሆቴልን ነገር አስቡት። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ነው። በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ተነስቶ ከፊሉን በላው። ያን ጊዜ ባዶ ቤት ቢሆን ኖሮ የሚያነሳው አይገኝም ነበር። ግን የሚሠራ ሆቴል ነበር። እንግዳ አለው፣ ሠራተኛ አለው፣ ምሳ የለመደ ደንበኛ አለው። ተጠግኖ ዛሬም እንግዳ ይቀበላል።

ወደ ባሕር ዳር ልመለስና አንድ የማውቀውን ቤት ላሳያችሁ። ከገበያው ብዙም የማይርቅ የወራሾች ቤት ነው። ለዓመታት ተዘግቶ ኖሯል። አብሮ አደጌ ተከራየችውና ቁርስ ቤት ልታደርገው አሰበች። መጀመሪያ የመጣው ባለሙያ አንድ ጊዜ ዞር ዞር ብሎ አየና «አፍርሰሽ በብሎኬት ብትሠሪው ይሻልሻል» አላት። ሁለተኛው «ሲሚንቶ እንለስነውና አዲስ ይመስላል» አለ። ሦስተኛው አንድ ሸምገል ያሉ ግንበኛ ናቸው። ከሁሉ በፊት የመዶሻቸውን እጀታ ይዘው ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ መታ መታ ያደርጉት ጀመር። ቀድሞ በሲሚንቶ በተለሰነው በኩል ድምፁ ባዶ ነበር።

«ሰማሽ ልጄ?» አሏት። «ውስጡ የለም። ጭቃና ሲሚንቶ አይጋቡም።»

ነገሩን እዚያው አስረዱን። የጭቃ ግድግዳ ከመሬት እርጥበት ይስባል፤ ሐይቅ ዳር ደግሞ እርጥበቱ ብዙ ነው። ጭቃ ወይም ኖራ የተለሰነ ግድግዳ የሳበውን መልሶ ያተነዋል። ሲሚንቶ ግን ይዘጋዋል። ውኃው መውጫ ሲያጣ ቋሚውንና ማገሩን ውስጥ ለውስጥ ያበሰብሳል። ከውጭ ሲታይ ቤቱ ያማረ ነው። አንድ ቀን ልስኑ እንዳለ ይገነጠልና ከኋላው አፈርና የምስጥ ቤት ይገኛል። ጎንደር ላይም የሆነው ይኸው ነው። በጣሊያን ጊዜ በሲሚንቶና በኮንክሪት የተጠገነው የፋሲል ግንብ ክፍል በኋላ ላይ እየተነሳ በኖራ ነው የተተካው። የዓለም ቅርስ የሆነው ግንብ ላይ የተሠራው ስህተት በየሰፈራችን ጭቃ ቤት ላይ ዛሬም ይሠራል።

ሥራው እንዲህ ነበር። ሲሚንቶው በመሮ ቀስ እየተባለ ተፋቀ። የበሰበሱት ቋሚዎች በወይራ ተቀየሩ። ወይራን ምስጥ በቀላሉ አይደፍረውም። ከሥር ጥቁር ድንጋይ ተደርድሮ እንጨቱ ከመሬቱ ራቀ። ጓሮ ውስጥ ጉድጓድ ተቆፍሮ ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦካ። በእግር ይረገጣል፣ ያድራል፣ ውኃ ይጨመርበታል፣ እንደገና ይረገጣል። ሽታው ሰፈሩን አስጮኸው። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ «ምን ልትሠሩ ነው?» ይላል። ምርጊቱ ሲደርቅ ተሰነጣጠቀ፤ ጓደኛዬ ደነገጠች። ግንበኛው ግን «ይሰንጠቅ፤ ሁለተኛው የሚይዘው በስንጥቁ ነው» አሉ። ከዚያ ደቀቅ ያለው ልስን፣ በመጨረሻ ኖራ።

መዝጊያዎቹ አልተጣሉም። ከላያቸው ላይ ብዙ ዓይነት ቀለም ተፍቆ ወረደ፤ ከሥር ዋንዛ እንጨት ወጣ። ዛሬ በዚህ ዋጋ ዋንዛ መዝጊያ አሠራለሁ የሚል ሰው እስቲ አናጢ ያነጋግር።

አሁን ቤቱ ጠዋት ፍርፍርና ፉል ይሠራል። ምሳ ላይ ከሐይቁ የመጣ ቀረሶ ይጠበሳል፤ አምባዛ ሲገኝ ለብለብ ይሆናል። ጓሮው የማንጎው ጥላ ሥር ጠረጴዛ ተደርድሯል። በጣም የወደድኩት ግን በረንዳውን ነው። ግማሹን ከድሮ ጀምሮ እዚያ ሲንጀሩን ዘርግቶ ለሚሰፋ ልብስ ሰፊ ተወችለት። «እሱ ከእኔ በፊት ነበር» አለችኝ። ቀሚስ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ሻይ ያዛል። ሻይ ሊጠጣ የመጣ ሰው ቁልፉ የወለቀ ሸሚዙን ያስተክላል። አንዱ ሌላውን እየደገፈ መንገዱ ሰው ያዘ። አጠገባቸው ተዘግቶ የነበረ ሱቅ የብስክሌት ጥገና ሆነ። ከማዶ ደግሞ አንዲት ሴት ምሽት ምሽት በቆሎ መጥበስ ጀመረች። ያዘዛቸው ፕሮጀክት የለም።

አዲስ ንግድ ሲባል ሁሉም ወደ አንድ ነገር ይሮጣል፤ ያ ደግሞ ለፈረንጅ የሚሆን ካፌ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ባለፉት ዓመታት በክልላችን ግጭትና ጦርነት ሲበረታ ምን እንደሆነ አይተናል። ወደ ደሴት ገዳማቱ እንግዳ ያመላልሱ የነበሩ ጀልባዎች ታስረው ዋሉ። አስጎብኚው ሌላ ሥራ ፈለገ። ለቱሪስት ብቻ የተከፈተው ቤት ተዘጋ። ቁርስ ቤቱ፣ ዳቦ ቤቱ፣ ፀጉር ቤቱ ግን ተንገዳግዶም ቢሆን ቆየ፤ የከተማው ሰው መብላቱንና መላጨቱን አይተውምና። የድሮ ሰፈር ሲታደስ መጀመሪያ ለነዋሪው ይሁን። ሰላም ሲሆን እንግዳው ራሱ ፈልጎ ይመጣል፤ የሚመጣውም ሰው ያለበትን ቦታ ብሎ ነው።

ሐይቅ ዳሩን በተመለከተ የማመሰግነው ነገር አለ። ለረጅም ጊዜ ጣናን ለማየት የሆቴል ሻይ መግዛት የግድ ነበር፤ ዳርቻው በአጥር ተከፋፍሎ ነበር። አሁን በኮሪደር ልማቱ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ወጥቶለት ዳርቻው እየተከፈተ ነው። ማታ ማታ ቤተሰብ ልጁን ይዞ ሲንሸራሸር ሳይ ደስ ይለኛል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትሩ የዓባይ ድልድይም የከተማዋን ሌላኛውን ጎን አቅርቦልናል። ይህ ሁሉ መልካም ነው።

ግን መንገድ ብቻውን ሰፈር አይሆንም። በእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ በር ከሌለ፣ ከበሩ ኋላ ሰው ከሌለ፣ መብራቱ ሲጠፋ መንገዱም አብሮ ይጠፋል። በዚያው በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ፒያሳ ሲፈርስ ብዙዎቻችን ልባችን ተነክቷል። ቤቱ አርጅቶ ነበር፤ እውነት ነው። ግን እዚያ ቤት ውስጥ የነበረው ወርቅ ሠሪ፣ ሰዓት ጠጋኝ፣ ኬክ ቤት ለዘመናት ተጠላልፈው የሠሩት ገበያ በአዲስ ሕንፃ ተመልሶ አይመጣም። የአዲሱ ሕንፃ ኪራይ ለሰዓት ጠጋኝ አይቀመስም። ባሕር ዳር መንገዷን ስታሰፋ ይህን ከፊቷ ታድርግ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ ጥገና ለማካሄድ አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል። ሕጉ አለ። የጎደለው የትኛው ቤት ቅርስ እንደሆነ ዶዘሩ ከመምጣቱ በፊት መወሰኑ ነው።

ስለ ዳርቻው ሳወራ ነገደ ወይጦን ማለፍ አልችልም። ጣና ላይ ታንኳ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ደንገሉን ያጭዳሉ፣ ያደርቃሉ፣ በልጥ ያስራሉ። የታንኳው ቅርጽ ጥንታዊ ነው እያልን ፎቶውን በየሆቴሉ ግድግዳ እንሰቅላለን። ሠሪዎቹ ግን ከተማው ሐይቁን ተከትሎ ሲሰፋ እየተገፉ ነው የኖሩት። ደንገሉም በእርሻና በግጦሽ እየሳሳ ነው፤ እምቦጩ ደግሞ በላይ ተጨመረ። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። እንግዲያው ከሚታደሱት ቤቶች ወደቡ አጠገብ ያለው አንዱ የታንኳና የደንገል ሥራ መሥሪያና መሸጫ ቢሆን ምን ይከብዳል? መሥሪያ ነው ያልኩት። ሠሪውን አስወጥቶ ሥራውን በመስታወት ውስጥ ማስቀመጥ ለእኔ ነውር ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ጉዳይ ልምጣ፤ ውል። የአሮጌ ቤት ዕጣ የሚወሰነው ከኖራውና ከወይራው በፊት በውሉ ዘመን ነው። በአንድ ዓመት ውል የገባ ነጋዴ ጣሪያ አይቀይርም። ለምን ይቀይራል? ቤቱን አሳምሮ ሲጨርስ ኪራዩ ይጨመርበታል፤ ካልሆነም «ልጄ ሊገባበት ነው» ይባላል። ስለዚህ የሚታየውን ብቻ ይሠራል። ፊቱን ቀለም ይቀባል፣ ባነር ይሰቅላል፣ የሚያንጠባጥበው ሥር ባልዲ ያስቀምጣል። መኖሪያ ቤትን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ለንግድ ቤት ተከራይ ግን ይህ አይደርሰውም። የአሮጌ ቤት ተከራይ ደግሞ ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚያስፈልገው እሱ ነው፤ ያወጣውን ገንዘብ የሚመልስለት ጊዜ ብቻ ነውና።

ጓደኛዬ ሥራውን የጀመረችው የአሥር ዓመት ውል ከፈረመች በኋላ ነው። ወራሾቹን አንድ በአንድ ደውላ፣ አሜሪካ ያለውን ሳይቀር በሌሊት አነጋግራ ነው ያሳመነቻቸው። የጥገናው ወጪ ከኪራዩ ላይ ቀስ በቀስ እንዲታሰብላት ተስማሙ። ውሉ ላይ አንድ መስመር አለ፤ «ግድግዳው በሲሚንቶ አይለሰንም» ይላል። ያስጻፉት ግንበኛው ናቸው።

እኔ ከተማውን የምጠይቀው ይህንኑ ነው። በቀበሌና በኪራይ ቤቶች እጅ ያሉትን አሮጌ የንግድ ቤቶች በረጅም ውል ለሚያድስ ሰው ስጡ። ለዓመታት ቤቱ ውስጥ የኖረውን ተከራይ ቅድሚያ ስጡት። የጥገናውን ወጪ ከኪራዩ አቀናንሱለት። በምላሹ በረንዳው እንዳይዘጋ፣ መዝጊያው በብረት ሸተር እንዳይቀየር፣ ዛፉ እንዳይቆረጥ አስገድዱት። ለጭቃና ለኖራ የሚሆን ሰው ደግሞ ከወዲሁ ይሠልጥን። የሸመገሉት ግንበኛ እጃቸው ላይ ያለው ሙያ አብሯቸው እንዳይቀበር አንድ ሁለት ወጣት ሥራቸው ላይ ቢቆም ትልቅ ነገር ነው። በእኛ ሥራ ላይ ጭቃ ይረግጥ የነበረ አንድ ልጅ አሁን ራሱን ችሎ ምርጊት ይዋዋላል።

ከቁርስ ቤቱ ቀጥሎ ያለው ቤት እስካሁን እንደተዘጋ ነው። ጣሪያው በአንድ በኩል ሰምጧል፤ ሌላ ክረምት የሚችል አይመስለኝም። ግንበኛው «ጭዱን ጤፍ ሲወቃ ግዙ፣ ኋላ ይወደዳል» ብለዋል። ባለፈው ሳምንት ወራሾቹ ሊያዩት መጥተው ጓደኛዬ ጋ ቡና ጠጡ። እነሱ ስንት ልትከፍል እንደምትችል ጠየቋት። እሷ ለስንት ዓመት እንደሚያዋውሏት ጠየቀቻቸው። «ተማክረን እንደውላለን» ብለው ሄደዋል።